ማሳደጉ ለአያት፣ ቀለቡስ ለማን?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን በንግግር መልክ የቀረበ፤ ለአንባቢያን እንዲመች ሆኖ የተዘጋጀ)

  የዛሬው ርዕሳችን ከማንኛችንም ቤት የሚርቅ አይደለም። በሞት፣ በስደት ወይም በፍቺ ምክንያት ከወላጆቻቸው ስለተለዩ ልጆችና እነርሱን ስለሚያሳድጉ አያቶች፣ አክስቶችና አጎቶች እንነጋገራለን። ነገሩን ከታሪክ ጀምረን እናየዋለን። መነሻችንም ሰሜን ሸዋ ነው፤ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር፣ ከአንኮበርም ቁልቁል እስከ አልዩ አምባና እስከ ይፋት ቆላ ድረስ ያለው አገር።

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው አንኮበር ይደርሳል። ከዚያ በኋላ መሬቱ ድንገት ቁልቁል ይወርዳል። ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት ብርዳማ ደጋ ከጀርባ ይቀርና የማሽላው አገር ከፊት ይዘረጋል። በዚህ መንገድ ወደ ገበያ ከሚወርዱና ከሚወጡ ሰዎች መካከል ልጅ ያዘሉ አሮጊት እናቶችን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። «የማን ልጅ ነው?» ተብለው ሲጠየቁ «የልጄ ልጅ» ይላሉ። «እናቱስ?» ሲባሉ መልሳቸው ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ «ዐረብ አገር ናት»፣ «አዲስ አበባ ሥራ ይዛለች»፣ ካልሆነም አንገታቸውን ደፍተው «አላህ ወሰዳት»። ጠያቂውም «አይዞዎት» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። «ለመሆኑ እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ ይህን ልጅ በምን ያሳድጉታል?» የሚል ሰው ግን ጥቂት ነው። እኛም ዛሬ የምናነሳው ይህችን ሳትጠየቅ የምትቀረውን ጥያቄ ነው።

አያት ከዑመር ጋር የቆመችበት ችሎት

በኢስላም ታሪክ ውስጥ ስለ አያት መብት የሚነገር አንድ ጉዳይ አለ። ኢማም ማሊክ በሙወጦእ ዘግበውታል። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ከአንዲት የመዲና ሴት ዓሲም የሚባል ልጅ ወልደው ነበር፤ ኋላም ተፋቱ። አንድ ቀን ወደ ቁባ ሲመጡ ሕፃኑ ዓሲም በመስጊዱ ግቢ ሲጫወት አገኙት። ክንዱን ይዘው ከፊታቸው በእንስሳቸው ላይ አስቀመጡት። የልጁ ሴት አያት፣ የእናቱ እናት፣ ደረሱባቸውና ልጁን አልሰጥም ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ኸሊፋው አቡበክር (ረ.ዐ) ዘንድ ደረሰ። ዑመር ልጄ ነው አሉ፤ አያትም ልጄ ነው አሉ። አቡበክርም ልጁን ለአያቱ እንዲተዉላቸው ፈረዱ። ዑመር፣ ያ ሁሉ ሰው የሚፈራቸው ዑመር፣ አንዲት ቃል አልመለሱም።

ያ በአያቱ እጅ የቀረ ልጅ አድጎ ልጆች ወለደ። ከልጆቹም አንዷ በፍትሐዊነታቸው የሚታወቁትን ኸሊፋ ዑመር ኢብኑ ዐብዱል ዐዚዝን ወለደች። እንግዲህ የአንዲት አሮጊት እናት ጉያ ለስንት ትውልድ እንደሚተርፍ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የፊቅህ ሊቃውንትም ከእንዲህ ዓይነቱ ፍርድ ተነስተው ልጅን በማሳደግ መብት (ሐዷና) ከእናት ቀጥሎ የእናትን እናት አስቀምጠዋል። ሐነፊዎችም ሻፊዒዎችም በዚህ ላይ አይለያዩም። ይሁን እንጂ የዚህ ሕግ ግማሹን ብቻ ይዘን ግማሹን የተውን ይመስለናል። ምክንያቱም ሊቃውንቱ ማሳደግን ለአያት ሲሰጡ ቀለብን በአያት ላይ አልጫኑም። ልጁ በአያቱ ቤት ቢያድግም ምግቡ፣ ልብሱና መጠለያው የአባቱ ዕዳ ነው። አባት ከሌለ፣ ልጁ የራሱ ሀብት ካለው ከዚያ ይወጣለታል። ከሌለው ደግሞ አቅም ያላቸው ዘመዶች፣ እነርሱም ካልቻሉ የሙስሊሙ የጋራ ግምጃ ቤት ይጠየቃል። እነዚሁ ዑመር ኋላ ኸሊፋ ሲሆኑ ለሕፃናት ከግምጃ ቤቱ ድጎማ መድበዋል። መጀመሪያ ድጎማው ጡት ለጣሉ ልጆች ብቻ ነበር። አንዲት እናት ድጎማውን ቶሎ ለማግኘት ስትል ልጇን ያለ ጊዜው ጡት እያስጣለች መሆኗን በልጁ ልቅሶ ባወቁ ጊዜ ግን ከተወለደበት ቀን ጀምሮ እንዲሰጥ አዘዙ።

ስለዚህ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ማሳደግና መቀለብ። የመጀመሪያው የፍቅርና የቅርበት ጉዳይ ስለሆነ ለአያት፣ ለአክስት ተሰጠ። ሁለተኛው የአቅም ጉዳይ ስለሆነ አቅም ላለው ተሰጠ። በአገራችን ታሪክ ግን ሁለቱም በአንዲት አሮጊት ጫንቃ ላይ ሲወድቁ እናያለን።

የሐበሻ ምድር ድርሻ

ይህ ጉዳይ ከአገራችን ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሳይወለዱ አባታቸው ሞቱ። በስድስት ዓመታቸው እናታቸው አሚና ከመዲና ወደ መካ ሲመለሱ አብዋእ በምትባል ቦታ አረፉ። ያን ጊዜ ሕፃኑን ይዛ ወደ መካ የተመለሰችው ኡሙ አይመን፣ በስሟ በረካ፣ የሐበሻ ተወላጅ እንደነበረች የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ከዚያም አያታቸው ዐብዱል ሙጦሊብ ተቀበሏቸው። እርሳቸው ሲሞቱ ነብዩ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ አጎታቸው አቡ ጧሊብ ተረከቡ። አቡ ጧሊብ ብዙ ልጆች የነበሯቸው፣ ሀብታቸው ግን አነስተኛ የሆነ ሰው ነበሩ። ኋላ መካ ላይ ረሃብ ሲገባ ነብዩ ከሌላው አጎታቸው ከዐባስ ጋር ተመካክረው የአቡ ጧሊብን ልጆች ተካፍለው ወሰዱ፤ ዐሊ ወደ ነብዩ ቤት፣ ጀዕፈር ወደ ዐባስ ቤት ገቡ። ያሳደገ ሰው ሲከብደው ሌሎች ሸክሙን ሊያቀሉለት እንደሚገባ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አይኖርም።

ይህ በአጎቱ ቤት ያደገው ጀዕፈር ኋላ ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሙስሊሞች በነጃሺ ፊት የወከለው ጀዕፈር ነው። ባለቤቱ አስማእ ቢንት ዑመይስ ልጆቻቸውን የወለደችው እዚሁ በሐበሻ ምድር ነበር። ወደ መዲና ከተመለሱ በኋላ፣ በሰባተኛው ዓመተ ሂጅራ መጨረሻ ገደማ፣ በኡሑድ የተሠዉት የሐምዛ ልጅ ጉዳይ ተነሳ። ዐሊ፣ ዘይድና ጀዕፈር ሦስቱም እኔ ላሳድጋት ብለው ተከራከሩ። ሸክም ለመሸሽ ሳይሆን ለመሸከም የተደረገ ክርክር መሆኑን ልብ ይሏል። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) አስማእ የልጅቷ የእናት እህት ስለነበረች ለጀዕፈር ቤት ፈረዱ፤ የእናት እህትም በእናት ቦታ እንደሆነች ተናገሩ። በሐበሻ ምድር የስደትን እንጀራ የበላች አክስት የየቲም እናት ሆነች ማለት ነው። ጥቂት ወራት ቆይቶ ጀዕፈር በሙእታ ሲሠዉ የአስማእ ልጆችም በተራቸው የቲሞች ሆኑ፤ ነብዩም ራሳቸው የእነርሱ ተጠሪ ሆኑ።

በአንኮበር ቁልቁለት

አሁን ወደ ሰሜን ሸዋ እንመለስ። ይፋት ከአገራችን ጥንታዊ የሙስሊም አገሮች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1285 ዑመር ወላስማ ከእርሱ በፊት የነበረውን የሸዋ ሱልጣኔት ጠቅልሎ የወላስማዎችን አገዛዝ በዚያ አጸና። ሱልጣኔቱ ቢጠፋም «ወላስማ» የሚለው የማዕረግ ስም እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ዘልቋል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847) የይፋት ቆላ ገዥ ወላስማ ሙሐመድ ነበሩ። ንጉሡ አንኮበር ላይ ሆነው ደጋውን ሲገዙ፣ በሥሩ ያለችው አልዩ አምባ ደግሞ የአርጎባ ሙስሊሞች የንግድ ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1841 በዚህ መንገድ ያለፈው የብሪታንያ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስና ሌሎች ተጓዦች ስለ ከተማይቱና ስለ ገበያዋ ብዙ ጽፈዋል።

ከአልዩ አምባ ተነስቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ታጁራ ወደብ መድረስ ከአንድ ወር በላይ ይፈጅ ነበር። በበረሃው ጥማት አለ፤ ዘረፋ አለ፤ በሽታ አለ። ነጋዴው ሄዶ፣ ሸጦና ገዝቶ እስኪመለስ ወራት ያልፋሉ፤ የማይመለስም ነበር። ተጓዦቹ የጻፉት ስለ ቡናው፣ ስለ አሞሌ ጨው፣ ስለ ዝሆን ጥርሱ ነው። ነጋዴው በሌለበት እንዝርት እያሾሩ ልጆቹን ስለያዙት አያቶች ግን የተጻፈ ብዙ ነገር አናገኝም። የቤተ መንግሥት ልጆችን ማን እንዳሳደጋቸው ታሪክ ይመዘግባል፤ የሸማኔ ልጅ በማን እጅ እንዳደገ ግን የሚያውቀው ራሱ ያደገው ልጅ ነው።

የቤተ መንግሥቱንም ቢሆን እንመልከት። ኋላ ዐፄ ምኒልክ የተባሉት ልጅ ነሐሴ 1836 ዓ.ም ከደብረ ብርሃን አቅራቢያ አንጎለላ ላይ ተወለዱ። «ምኒልክ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው አያታቸው ሣህለ ሥላሴ እንደሆኑ ይነገራል። አያታቸው ሲሞቱ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ነበሩ። በ1848 ዓ.ም አባታቸው ኃይለ መለኮት ሞቱ፤ የ11 ዓመቱ ልጅም በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ገብተው ወደ መቅደላ ተወሰዱ፤ አሥር ዓመት ያህልም ከአገራቸው ርቀው አደጉ። የንጉሥ ልጅም ቢሆን አባት ሲሞት ዕጣው በሌላ ሰው እጅ ነው።

በዚያው ዘመን የዘመድን ነገር የሚያሳይ ሌላም ታሪክ አለ። የሸዋ ነገሥታት ዙፋኑን ይሻሙናል ብለው የሚፈሯቸውን ወንድሞቻቸውን በእስር ያስቀምጡ ነበር። የሣህለ ሥላሴም ወንድሞች ጎንቾ በተባለው የወላስማው አምባ ታስረው ኖሩ። ሐሪስ እንደጻፈው ንጉሡ በ1840ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ፈቷቸዋል። እንግዲህ በዚያ አምባ አጎት ለወንድሙ ልጅ ስጋት ነው ተብሎ በሰንሰለት ታስሮ ሲኖር፣ ከአምባው በታች ባሉት ጎጆዎች ውስጥ አጎት ለወንድሙ ልጅ ጋሻ ነበር። ሥልጣን ያራራቀውን ዝምድና ድህነት ያቀራርበው ነበር ማለት እንችላለን።

ዘመድ የሌለው ልጅ

ታሪክን ስናወራ የሚያስደስተንን ብቻ መርጠን ማውራት አይገባንም። ከአልዩ አምባ አጠገብ ዐብዱረሱል የሚባል ቦታ ነበር። በሣህለ ሥላሴ ዘመን ዐብዱረሱል የባሪያ ገበያ ነበር። በደቡብና በምዕራብ ካሉ አገሮች በጦርነትና በአፈና የተያዙ ሰዎች እዚያ ይሸጡና በታጁራ በኩል ባሕር ይሻገሩ ነበር። በዚያ ዘመን በቀይ ባሕር በኩል ከሚሸጡት አብዛኞቹ ልጆችና ወጣት ልጃገረዶች እንደነበሩ ተረጋግጧል። ነጋዴዎቹ መካከል ሙስሊሞች ነበሩ፤ ደጋ ላይም የክርስቲያን ነገሥታት ቀረጥ ይቀበሉ ነበር። ማንኛችንም እጃችን ንጹሕ ነው ብለን መናገር አንችልም።

ይህን የምናነሳው የቆየ ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። ዘመድ ማለት ለልጅ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር ስለሌለ ነው። በአንድ ቁልቁለት ላይ፣ በአንድ ቀን፣ አንዱ የስምንት ዓመት ልጅ በአያቱ ነጠላ ተሸፍኖ ገበያ ያያል፤ ሌላው የስምንት ዓመት ልጅ በዚያው አካባቢ ለገበያ ቀርቧል። የሁለቱ ልዩነት ዕድሜ አይደለም፤ መልክም አይደለም። አንዱ «የኔ ነው» የሚለው ሰው አለው፤ ሌላው የለውም። ቁርኣን የየቲምን ነገር ደጋግሞ የሚያነሳው ለዚህ ነው እንላለን።

ክፉ ቀን ሲመጣ

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም የቆየው ክፉ ቀን ከብቱን በበሽታ ፈጅቶ ሰውን በረሃብ አረገፈ። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም ረሃቡ ሲመለስ ከወሎና ከትግራይ ጋር የይፋትና ጥሙጋ ቆላም ተጎድቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰደደው ጉልበት ያለው ሰው ነው። አባት ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ወይም ወደ እርሻ ልማት ይሄዳል። ቤት የምትቀረው አሮጊቷና ልጆቹ ናቸው። እርሷ የሌለ እህል ከየት ታምጣ?

በ1966 ዓ.ም ረሃብ ዘመን የሕፃናት መንደሮች በአገራችን መቋቋም ጀመሩ። በ1977ም ወላጅ ያጡ ልጆችን የሚሰበስቡ ማሳደጊያዎች በዙ። ብዙ ነፍስ አትርፈዋል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ይሁን እንጂ በማሳደጊያ ያደገ ልጅ ወጥቶ የሚገባበት ዘመድ፣ የሚቀመጥበት ለቅሶ፣ የሚጠራበት ሠርግ የለውም። በ2001 ዓ.ም የወጣው የአገራችን የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያም ማሳደጊያ የመጨረሻ አማራጭ መሆን እንዳለበትና ልጅ በቅድሚያ በቤተሰቡና በኅብረተሰቡ ውስጥ ሊያድግ እንደሚገባ አስቀምጧል። በ2010 ዓ.ም ደግሞ ልጆችን ለውጭ ዜጎች በጉዲፈቻ መስጠት በሕግ ቀርቷል። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው። ነገር ግን ልጁን ወደ ዘመድ መመለስ ማለት ብዙ ጊዜ ወደ አያት መመለስ ማለት ነው። እንደገና ያችው ጥያቄ፦ ቀለቡስ?

በኛ ዘመን

ከዚያም ኤድስ መጣ። ደብረ ብርሃን አዲስ አበባን ከደሴ የሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በሽታው ደግሞ አውራ ጎዳናን ተከትሎ ነበር የተስፋፋው። መድኃኒቱ በነፃ መታደል እስከጀመረበት እስከ 1997 ዓ.ም ድረስ ወጣት ወላጆች ተራ በተራ ሄዱ። ሽማግሌዎች ልጆቻቸውን ቀብረው የልጅ ልጆቻቸውን ታቅፈው ቀሩ። ልጅ ወላጁን መጦር ሲገባው ወላጅ የልጁን ልጅ መቀለብ ያዘ። መድኃኒቱ ከመጣ በኋላ ይህ ሐዘን ቀነሰ፤ አልሐምዱሊላህ።

ቀጥሎ የመጣው የዐረብ አገር ጉዞ ነው። ከይፋት፣ ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች ብዙ እህቶቻችን ልጆቻቸውን ለእናቶቻቸው ሰጥተው ሄዱ። ከኅዳር 2006 ዓ.ም ጀምሮ ሳውዲ ዐረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን ስታስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ከተመለሱት እናቶች መካከል ልጆቻቸው ሳያውቋቸው የቀሩ፣ «እናቴ» ብሎ ወደ አያቱ የሚሮጥ ልጅ የጠበቃቸው ነበሩ። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። እናትም ለልጇ ስትል ሄደች፤ አያትም ለልጇ ስትል አሳደገች። ልጁም ቢሆን ያቀፈውን ነው የሚያውቀው።

በቅርቡ ደግሞ የሰላም እጦት ተጨመረ። ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ከአጣዬና ከአካባቢው፣ ከወለጋም ጭምር የተፈናቀሉ ሰዎች ደብረ ብርሃን ተጠልለዋል። ከመጠለያ ይልቅ በዘመድ ቤት የተጠጋም ብዙ ነው። ከራሷ ቤተሰብ በቀር ሌላ ለማትችል ጎጆ ሦስት አራት ልጅ ሲጨመርባት ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

አያት ለልጅ የምትሰጠው ግን እንጀራ ብቻ አይደለም። ለዚህ የአርጎባ ቋንቋ ምስክር ነው። በአንኮበር ቆላ በነአልዩ አምባ አርጎብኛ ቀስ በቀስ ለአማርኛ ቦታ ለቅቆ በሽማግሌዎች ትዝታ ውስጥ ብቻ ቀረ። በወሎ በኩል በሾንኬና በጦለሃ ግን ሕፃናት እየሰሙት ስላደጉ በሕይወት ቆይቷል። ቋንቋ የሚኖረው ሽማግሌና ሕፃን አብረው ሲቀመጡ ነው። ዱዓው፣ ተረቱ፣ የጎረቤት ስምና የዘር ሐረግ ሁሉ እንዲሁ ነው። ሰዎች «የአያት ልጅ» ብለው ቅምጥል ለማለት ይቀልዳሉ። በአያቱ እጅ ያደገ ሁሉ ቅምጥል አይሆንም፤ ብዙዎቹ ከውሃ መቅዳት እስከ መድኃኒት ማስታወስ ድረስ አያታቸውን ጧሪዎች ናቸው።

ሌላም መነሳት ያለበት አለ። ዘመድ ሁሉ አዛኝ አይደለም። «ከተማ ወስጄ ላስተምረው» ተብሎ ከገጠር የመጣ የእህት ልጅ ሌሊት ተነስቶ ቤት ሲጠርግ፣ የቤቱ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ እርሱ ሕፃን ሲያዝል አይተናል። ይህ ማሳደግ አይባልም፤ ደመወዝ የሌለው ሠራተኛ መያዝ ነው። የየቲምንም ርስትና ቤት «እኔ ነኝ ያሳደግኩት» እያሉ የሚበሉ አሉ። በሱረቱ አን-ኒሳእ አላህ የየቲምን ሀብት ከራስ ሀብት ጋር ደባልቆ መብላትን በብርቱ ከልክሏል፤ አሳዳጊው ሀብታም ከሆነ እጁን እንዲሰበስብ፣ ድሃ ከሆነ በአግባቡ ብቻ እንዲጠቀም፣ ልጁ ሲደርስም በምስክር ፊት እንዲያስረክብ አዝዟል።

ምን እናድርግ?

እንግዲህ ታሪኩ የሚያስተምረን አንድ ነገር ነው። ልጁን ለአያት መስጠት የጉዳዩ መጨረሻ ሳይሆን መጀመሪያ ነው። ከዚህ ተነስተን ጥቂት ነጥቦችን እናስቀምጣለን።

አንደኛ፣ በሕይወት ያለ አባት ልጁ በሴት አያቱ ዘንድ ስላደገ ከቀለብ ነፃ አይወጣም። ስለ ፍቺው ቂም ቢኖረውም የልጁ ሐቅ ሌላ ነው። ጉዳዩ በሽማግሌ ካላለቀ ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ በሸሪዓ ፍርድ ቤት፣ ካልሆነም በመደበኛው ፍርድ ቤት ቀለብ መጠየቅ ይቻላል። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከውጭ ገንዘብ የምትልኩ እህቶችና ወንድሞች፣ ለቤት መሥሪያ የሚላከውንና ለልጁ ቀለብ የሚላከውን ለዩት። የእናታችሁን የራሷንም አስቡ። ቆርቆሮው ደርሶ ግድግዳው አምሮ በውስጡ ያለችው አሮጊት የዓይን ሕክምና ያጣችበት ቤት አላህ በረካ ያደርገዋል ብለን አናስብም።

ሦስተኛ፣ የልጁ ወረቀት ይስተካከል። ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ ልደት በየቀበሌው ይመዘገባል፤ ወላጅ በሌለበት የሚያሳድገው ሰው ማስመዝገብ ይችላል። ለአሠራር ይመቸኛል ብሎ ልጁን በአያቱ ወይም በአጎቱ ልጅነት ማስጻፍ ግን በሸሪዓውም አይፈቀድም፤ ኋላም በውርስ ላይ ጣጣ ያመጣል። ዘይድ በነብዩ ቤት ቢያድግም በአባቱ ስም የሐሪሣ ልጅ ተብሎ እንዲጠራ ነው የታዘዘው። ሁለቱም ወላጆች የሞቱበት ልጅ ካለ ደግሞ ሞግዚትነቱን በፍርድ ቤት ማስወሰን ይገባል። በ1992 ዓ.ም የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ወላጆቹ በኑዛዜ ካልሰየሙ ሞግዚትነቱን መጀመሪያ ለአያቶች፣ ቀጥሎ ለደረሱ ወንድምና እህት፣ ከዚያም ለአጎትና ለአክስት ይሰጣል። የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም አውጥቷል።

አራተኛ፣ የመስጊድ ጀመዓዎችና እድሮች የየቲሞችን ስም ሲመዘግቡ ከየቲሙ አጠገብ የአሳዳጊውንም ስም ይመዝግቡ። ለበዓል ለየቲሙ ልብስ መግዛት መልካም ነው፤ ለአያቲቱ እንጨት መፍለጥ፣ ውሃ መቅዳት፣ ጤና ጣቢያ ማድረስ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ያስፈልጋል። የዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ ባለቤት ዘይነብ በእጇ ስላሉት የቲሞች ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ባስጠየቀች ጊዜ ሁለት ምንዳ እንዳላት፣ አንዱ የዝምድና፣ አንዱ የሶደቃ መሆኑ ተነግሯታል። የሁለት ምንዳ በር ተከፍቶ ሳለ ለአንዲት አሮጊት ብቻ መተው ለኛ ኪሳራ ነው።

አምስተኛ፣ ለልጁ እውነቱን እንንገረው። እናቱ የት እንዳለች፣ አባቱ ማን እንደነበር በሚገባው ቃል ይነገረው። የሞተን ወላጅ «ሩቅ አገር ሄዷል» እያሉ ማታለል ልጁን በየመንገዱ ሲጠብቅ ያኖረዋል።

ውድ አንባቢያን፣ ብዙዎቻችን ዛሬ ቆመን የምንሄደው አንዲት ሴት አያት ወይም አክስት ጎንበስ ብላ ስላዘለችን ነው። አንዳንዶቹ አልፈዋል፤ ለእነርሱ ዱዓ እናድርግ። በሕይወት ያሉት ግን አሁንም ከአንኮበር ቁልቁለት ላይ ልጅ አዝለው እየወጡ ናቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ስታገኟቸው «የማን ልጅ ነው?» ብላችሁ አትለፉ። «እምዬ፣ ቀለቡን ማን ይችላል?» በሏቸው፤ መልሱንም ቆማችሁ ስሙ።

አላህ አሳዳጊዎቻችንን በጀነቱ ይካሳቸው፤ የቲሞቻችንን ያሳድግልን።